የልውውጥ ተማሪ በሰው አገር፤ ከመሄዱ እስከ መመለሱ



ልጁን፥ የወንድሙን ልጅ ወይም የጎረቤቱን ልጅ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሸኘ የከተማ ሰው ብዙ ነው። ሸኝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስም በልቡ የሚያሰላስለው ነገር አለ፤ «እዚያ ምን ይገጥመው ይሆን? ምንስ ይዞ ይመለስ ይሆን?» ይላል። ዛሬ ለነዚህ ለሁለቱ ጥያቄዎች በተቻለን መጠን መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። ከነዚህም ጋር ሦስተኛ ጥያቄ እንጨምራለን፤ ይኸውም ተማሪው በተመለሰ ጊዜ በመሥሪያ ቤት የተቀመጥነው ሰዎች እንዴት ልንቀበለው ይገባል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ቃሉን መለየት ያስፈልጋል። ወደ ውጭ አገር ሄዶ የሚማር ሁሉ የልውውጥ ተማሪ አይባልም። ሙሉውን ዲግሪ በውጭ አገር ለመፈጸም የሚሄድ ተማሪ ሦስትና አራት ዓመት፥ ከዚያም በላይ ይቀመጣል። የልውውጥ ተማሪ ግን ስሙ ከአገሩ ትምህርት ቤት መዝገብ ሳይሠረዝ ለአንድ መንፈቅ ወይም ለአንድ ዓመት ወደ ሌላ አገር ተልኮ፥ የተማረውን ይዞ ወደ ጀመረበት ትምህርት ቤት የሚመለስ ነው። ልውውጥ መባሉም አንዱ ሲሄድ ሌላው ስለሚመጣ ነው። እንግዲህ ይህ ተማሪ በአንድ ጊዜ የሁለት ቤት ሰው ነው። የሚማረው በአንዱ ቤት፥ የሚመረቀው በሌላው ቤት ነው። ደስታውም ችግሩም ከዚህ ይመነጫል።

ይህ ሥርዓት በሰፊው የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1946 ዓ.ም. የአርካንሳው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ዊሊያም ፉልብራይት ያቀረቡት ሕግ በአሜሪካ ጸደቀ። በሕጉም መሠረት ከጦርነቱ ተርፎ በውጭ አገር የነበረው የአሜሪካ መንግሥት ንብረት እየተሸጠ ገንዘቡ ለተማሪዎችና ለመምህራን ልውውጥ እንዲውል ተደረገ። ፉልብራይት ራሳቸው በወጣትነታቸው በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ የተማሩ ነበሩ። በሚቀጥለውም ዓመት አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ የተባለው ማኅበር ከ10 አገሮች የመጡ 52 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተቀብሎ በአሜሪካ ቤተ ሰቦች ዘንድ አስቀመጠ። ይህ ማኅበር የተጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ ግንባር ቁስለኞችን በአምቡላንስ ያመላልሱ በነበሩ በጎ ፈቃደኞች ነው። ትናንት ቁስለኛ ያነሡ የነበሩት ሰዎች ነገ ቁስለኛ እንዳይኖር በማሰብ የአንዱን አገር ልጅ በሌላው አገር ገበታ ላይ ማስቀመጥ መረጡ።

አሁን ወደ ተማሪው ኑሮ እንመለስ።

ተማሪው በደረሰባቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉ ነገር ያስደስተዋል። የባቡሩ ሰዓት መጠበቅ፥ የመጻሕፍት ቤቱ ስፋት፥ የመንገዱ ንጽሕና፥ የሰዉ «እባክህ» እና «አመሰግናለሁ» ማለት ያስደንቀዋል። ለቤተ ሰቡ በሚልከውም መልእክት ሁሉን ያመሰግናል። በዚህ ጊዜ የሚያገኙት ሰዎች ሊቀበሉት የተዘጋጁ ስለሆኑ፥ እንግዳነቱ ገና ክብር እንጂ ሸክም አይሆንበትም።

ከዚያ በኋላ ግን ሌላው ወራት ይመጣል። ካሌርቮ ኦበርግ የተባሉ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ በ1954 ዓ.ም. በብራዚል በሪዮ ዴ ጃኔይሮ ከተማ ለሴቶች ክበብ ባደረጉት ንግግር ይህን ሁኔታ «የባህል ድንጋጤ» ብለው ተንትነውታል። ንግግሩም በ1960 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል። እርሳቸው እንዳስረዱት፥ ሰው በአገሩ ሳለ ሳያስበው የሚመራባቸው ብዙ ትንንሽ ምልክቶች አሉ። እጅ የሚጨበጠው መቼ እንደሆነ፥ ግብዣ የሚቀበሉት ወይም የሚመልሱት እንዴት እንደሆነ፥ የሰው ንግግር የምር ይሁን የቀልድ መለየት፥ እነዚህ ሁሉ ከልጅነት ጀምሮ የተማርናቸው ናቸው። በባዕድ አገር ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጠፋሉ።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በእኛ አገር እንግዳ ምግብ ሲቀርብለት «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ባለቤቷም «በሞቴ» እያለች ደጋግማ ትለምነዋለች፤ እርሱም በሦስተኛው ልመና እጁን ይታጠባል። በሰሜን አውሮፓ ግን «አልፈልግም» ያለ ሰው አልፈለገም ተብሎ ይታመናል። ሳህኑ ይነሣል፤ ተማሪውም ጦሙን ያድራል። እዚህ ላይ ያጠፋ ሰው የለም። እንግዳው በአገሩ ጨዋነት፥ ጋባዡም በአገሩ ጨዋነት ሠርተዋል። ይሁን እንጂ ተማሪው ሲተኛ «እነዚህ ሰዎች ደግነት የላቸውም» ብሎ ያስባል።

ኦበርግ የዚህን ጊዜ ምልክቶች ዘርዝረዋል። ሰውየው እጁን ከልክ በላይ ይታጠባል፤ ስለ ውሃው፥ ስለ ምግቡና ስለ መኝታው ንጽሕና ይጨነቃል፤ ሁሉ ሰው የሚያታልለው ይመስለዋል፤ በትንሽ መዘግየት ይቈጣል፤ በሐሳብ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቀራል። ከሁሉም በላይ የአገሩን ልጆች ፈልጎ ከነርሱ ጋር የተቀበለውን አገር ማማት ይጀምራል። ከወገን ጋር ተሰብስቦ ቡና መጠጣት መልካም ነገር ነው፤ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነውና። ነገር ግን ወሬው ሁሉ ሐሜት የሆነ እንደሆነ መድኃኒቱ በሽታውን ያቆየዋል።

ቋንቋውም ለብቻው ፈተና ነው። በአገሩ ሳለ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ተማሪ በሰው አገር ዳቦ ለመግዛት ቃል ይቸግረዋል። የሚያውቀውን ያህል ለመናገር ስለማይችል፥ የሚያዳምጡት ሰዎች ዕውቀቱን በምላሱ ይመዝኑታል። ከማታ በፊት ራሱን ያመዋል፤ ሰው ሲሥቅ ቀልዱ ሳይገባው አብሮ ይሥቃል። ደግነቱ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ አንድ ቀን ሳያስበው በዚያ ቋንቋ እርሱ ራሱ ሰዎችን ያሥቃል። ያን ቀን የተማሪነቱ ግማሽ ተፈጽሟል ማለት ይቻላል።

አየሩም እንደ ቀላል አይታይም። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት ገደማ ወጥታ በአንድ ሰዓት ገደማ ከምትገባበት አገር የሄደ ተማሪ፥ በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ወር የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ወደ ትምህርት ቤት በጨለማ ሄዶ በጨለማ ይመለሳል። ትካዜው ከልቡ ብቻ የመጣ የሚመስለው ተማሪ፥ ከጨለማውም ጭምር መምጣቱን ቢያውቅ ይጽናናል።

የትምህርት ቤቱ ልማድ ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። በጀርመን አገር ትምህርቱ ባለቀ ጊዜ ተማሪዎቹ አያጨበጭቡም፤ በጣታቸው አንጓ ጠረጴዛውን ያንኳኳሉ። አዲስ ተማሪ ይህን ሲሰማ መምህሩን የተቃወሙት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ምስጋና ነው። በዚያው አገር በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሰዓት ሰሌዳው ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁለት የላቲን ፊደላት ተጽፈው ይገኛሉ፤ ትርጉማቸው ትምህርቱ ከተጻፈው ሰዓት 15 ደቂቃ በኋላ ይጀመራል ማለት ነው። በኢጣልያ ደግሞ ብዙው ፈተና በቃል ነው፤ ተማሪው በመምህራኑ ፊት ተቀምጦ ሌሎች ተማሪዎች እየሰሙት ይጠየቃል።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን በተለይ እንዲያስተውሉት የምንፈልገው የነጥብ አሰጣጡን ነው። በፈረንሳይ ነጥብ የሚሰጠው ከ20 ነው፤ 10 ያገኘ ያልፋል፤ 18 ያገኘ እጅግ የተመሰገነ ነው። በኢጣልያ ዩኒቨርሲቲዎች ነጥብ የሚሰጠው ከ30 ሲሆን፥ ያው 18 ለጥቂት ከመውደቅ የተረፈ ሰው ነጥብ ነው። በጀርመን 1 ከሁሉ የላቀው ነው፤ 5 ያገኘ ወድቋል። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ከመቶ 70 ያገኘ በመጀመሪያ ማዕርግ ይመደባል፤ በእኛ ልማድ ግን 70 መካከለኛ ይመስላል። እንግዲህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ጎበዙን ሰነፍ፥ ሰነፉን ጎበዝ ሊያደርግ ይችላል።

ስቬሬ ሊስጎርድ የተባሉ ኖርዌያዊ ተመራማሪ በፉልብራይት ዕርዳታ አሜሪካ ደርሰው የተመለሱትን 200 የኖርዌይ ሰዎች ጠይቀው በ1955 ዓ.ም. ውጤቱን አሳትመዋል። እንዳገኙትም ከ6 ወር በታች የተቀመጡትና ከ18 ወር በላይ የተቀመጡት ኑሮው የተስማማቸው ሲሆኑ፥ ከ6 እስከ 18 ወር የተቀመጡት ከሁሉ ያነሰ ተስማምቷቸው ተገኝተዋል። በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ሰው ሁሉ በዚህ መንገድ እንደማያልፍ፥ ለአንዳንዱም የመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉ የከፋ እንደሚሆን አሳይተዋል። ቢሆንም ለወላጆች የሚጠቅም ምክር ከዚህ ይገኛል። ልጃችሁ በመካከለኛው ወራት «ልመለስ» ብሎ የጻፈ እንደሆነ ፈጥናችሁ ወድቋል አትበሉ፤ የደስታውም መልእክት በመጀመሪያው ሳምንት የመጣ እንደሆነ ሁሉ ተቃንቷል አትበሉ። ሁለቱም የመንገዱ ክፍል ናቸው።

ዓመቱ አልቆ ተማሪው ሲመለስ ቤተ ሰቡ ችግሩ አለቀ ብሎ ያስባል። በ1963 ዓ.ም. ጆንና ጂን ጉላሆርን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እንዳስረዱት ግን፥ የተመለሰ ሰው በአገሩ ውስጥ ሁለተኛ ድንጋጤ ይገጥመዋል። ለመጀመሪያው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለሁለተኛው ግን ማንም አላዘጋጀውም። ጓደኞቹ ያለ እርሱ ዓመት አልፈዋል። ያየውን ሲያወራ «እዚያ እንዲህ ነው፥ እዚያ እንዲያ ነው» ማለቱ ያሰለቻቸዋል፤ ዝም ቢል ደግሞ ኮርቷል ይሉታል። በሰው አገር ኢትዮጵያዊ፥ ኖርዌያዊ ወይም ኢጣልያዊ እየተባለ ኖሮ፥ በአገሩ ደግሞ «ፈረንጁ» ይባላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የደከመበት ትምህርት እንዳልተማረ ሲቈጠርበት ነው። ይህን በሚገባ የሚያስረዳ የታወቀ ታሪክ አለ።

በ1957 ዓ.ም. ሶፊያ ኮራዲ የተባሉ በሮም ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ የነበሩ ኢጣልያዊት ወጣት የፉልብራይት ዕርዳታ አግኝተው ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም ሕግን ከሕግ እያነጻጸሩ አጥንተው በማስተርስ ዲግሪ ተመረቁ። በ1958 ዓ.ም. ወደ ሮም ተመልሰው በአሜሪካ ያለፏቸው ፈተናዎች እንዲቈጠሩላቸው ማስረጃቸውን ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር አቀረቡ። የተሰጣቸው መልስ እንቢታ ብቻ አልነበረም። ከትምህርታቸው ይልቅ በዓለም ሲዞሩ ከርመው የመጡ ተደርገው በሰው ፊት እንደ ተዋረዱ እርሳቸው ራሳቸው በኋላ ዘመን ደጋግመው ተናግረዋል። በኢጣልያ ለመመረቅ የቀራቸውን ፈተና ሁሉ በሮም ተቀምጠው ፈጸሙ።

አንባቢዎች ሆይ፤ ያንን ማስረጃ የመለሰው ሰው ክፉ ነበር ለማለት አንችልም። በእጁ የነበረው ደንብ ስለ ውጭ አገር ፈተና የሚናገር ነገር አልነበረውም ይሆናል። ደንብ የሌለው ሹም ደግሞ እሺ ከሚል እንቢ ቢል ይቀለዋል፤ በእንቢታ የተጠየቀ ጸሐፊ ጥቂት ነውና። የዚህን እንቢታ ዋጋ የከፈለችው ግን ተማሪዋ ነበረች።

ሶፊያ ኮራዲ ቂም ይዘው አልተቀመጡም። ከጊዜ በኋላ የኢጣልያ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሬዚዳንቶች ጉባኤ አማካሪ ሆነው ሲሠሩ፥ በ1969 ዓ.ም. አንድ ሐሳብ በጽሑፍ አቀረቡ። ሐሳቡም ተማሪ የትምህርቱን ከፊል በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ እንዲማር፥ አስቀድሞም በአገሩ መምህራን የተፈቀደለት ትምህርት ሲመለስ እንዲቈጠርለት የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ አስረዱ። በ1976 ዓ.ም. የአውሮፓ ማኅበረ ሰብ የትምህርት ሚኒስትሮች በዩኒቨርሲቲዎች መካከል የጋራ ትምህርት እንዲሞከር ወሰኑ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ በሮተርዳሙ ሊቅ በኤራስመስ ስም የተጠራው የልውውጥ ሥርዓት ተቋቋመ። በመጀመሪያው ዓመት ከ11 አገሮች 3,244 ተማሪዎች ሄዱበት። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎችን፥ የሙያ ሠልጣኞችንና መምህራንን ጨምሮ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጠቅመውበታል። ሶፊያ ኮራዲም «እማማ ኤራስመስ» እየተባሉ ሲጠሩ ኖረው፥ በ2016 ዓ.ም. ከስፔኑ ንጉሥ ከፊሊፔ ስድስተኛ እጅ የካርሎስ አምስተኛን ሽልማት ተቀበሉ። አንዲት ተማሪ ማስረጃዋን ይዛ ከተመለሰችበት ቀን እስከ ኤራስመስ መቋቋም 29 ዓመት አልፏል።

የሥርዓቱ አሠራር ለመሥሪያ ቤት ሰው ትምህርት ያለበት ስለሆነ ባጭሩ እንግለጸው። ተማሪው ከመሄዱ በፊት በውጭ አገር የሚማራቸው ትምህርቶች ዝርዝር ይጻፋል። በዝርዝሩም ላይ ሦስት ወገኖች ይፈርማሉ፤ ተማሪው፥ የሚልከው ዩኒቨርሲቲና የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ትምህርቱ የሚመዘነው በነጥብ ሳይሆን በሥራው መጠን ነው፤ የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ክሬዲት ይባላል፤ አንዱም ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚወስድ የተማሪ ሥራ ነው። ተማሪው ለተቀበለው ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። የሚሰጠው ገንዘብም ሙሉውን ኑሮ የሚችል አይደለም፤ በውጭ አገር መኖር የሚጨምረውን ወጪ ለመደገፍ ነው። ሲመለስ ያለፈበት የትምህርት ዝርዝር ይላክለታል፤ የላከውም ዩኒቨርሲቲ በፈረመው መሠረት መቍጠር አለበት። ስለዚህ ጭቅጭቁ በመጨረሻ መሆኑ ቀርቶ ስምምነቱ በመጀመሪያ ሆነ።

ከዚህ የሚሰፋ ሕግም ወጥቷል። በ1997 ዓ.ም. በሊዝበን የተፈረመው የአውሮፓ አካባቢ ስምምነት፥ ከሌላ አገር የመጣ የትምህርት ማስረጃ መሠረታዊ ልዩነት ካልተገኘበት በቀር ሊታወቅ ይገባዋል ይላል። ልዩነት አለ የሚለውም ወገን የማስረዳቱ ሸክም በእርሱ ላይ ነው። ቀድሞ ተማሪው «ተምሬያለሁ» ብሎ ሲያስረዳ ይኖር ነበር፤ አሁን ቢሮው «አይበቃም» የሚልበትን ምክንያት ማሳየት አለበት። ለአፍሪካም ይህን የመሰለ ስምምነት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በራሳችን ከተማ በአዲስ አበባ ተፈርሟል፤ የአዲስ ስምምነት ተብሎም ይጠራል። ከታኅሣሥ 2019 ዓ.ም. ጀምሮ በተቀበሉት አገሮች ዘንድ የጸና ሆኗል።

አገራችን ተማሪ ላኪ ብቻ እንዳልነበረችም ማስታወስ ይገባል። ሶፊያ ኮራዲ ወደ ሮም በተመለሱበት በዚያው በ1958 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለሌሎች አፍሪካውያን ወጣቶች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥቶ ነበር። በዚያን ዘመን አዲስ አበባ መጥተው ከተማሩት አፍሪካውያን አንዱ ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ ናቸው፤ በ1962 ዓ.ም. እዚሁ ተመርቀዋል። እነዚህ እንግዶች ሙሉ ትምህርታቸውን ለመፈጸም የመጡ ስለነበሩ በጠባቡ አነጋገር የልውውጥ ተማሪዎች አይባሉም። ሆኖም የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፥ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ስለ ቀረው አፍሪካ ትግል በቅርብ የሰሙት ከነርሱ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው፥ በአንድ ገበታ በልተው ነው። እንግዳ የተቀበለ ቤት ከእንግዳው ይማራል ማለት ነው።

እንግዲህ ንግግራችንን በጥቂት ምክር እንፈጽም። ተማሪ ሆይ፤ ከመሄድህ በፊት የምትማረውን አስጽፈህ አስፈርም፤ በሄድክበትም አገር የሰዉን ልማድ ከመፍረድህ በፊት ምክንያቱን ጠይቅ። ወላጆች ሆይ፤ የተመለሰውን ልጃችሁን በትዕግሥት አዳምጡት፤ ያየውን የሚነግርበት ቤት ካጣ ያየው ሁሉ በውስጡ ይቀራል።

በመዝገብ ቤት፥ በሬጅስትራር ክፍልና በሠራተኛ አስተዳደር የተቀመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ከሰው አገር የመጣ ማስረጃ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ ስሙን የማታውቁት ትምህርት ቤት ሁሉ ከንቱ አይምሰላችሁ። ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ከስንት የተሰጠ እንደሆነ ጠይቁ። የትምህርቱን ዝርዝር አንብቡ። መቍጠር የማይቻል ሆኖ ካገኛችሁትም ምክንያቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ፥ የቀረውን እንዴት እንደሚያሟላ ጭምር ነግራችሁ ስጡት። ያ ወጣት በቋንቋ ማጣት፥ በብርድ፥ በናፍቆትና በጨለማ አልፎ ያመጣው የአንድ ዓመት ሥራ በዚያች በአንዲት ወረቀት ላይ ነው። አንብቦ ለመመዘን የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።